ቁስለኛ የሚሞተው ሐኪም ጋ ሳይደርስ ነው

ከግንባር የሚመጣ መርዶ በእኛ አገር አጭር ነው። «በጀግንነት ሲዋጋ ተሰዋ» ይባላል፤ ድንኳን ይተከላል፣ ለቅሶ ይወጣል፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ጥይቱ የት ቦታ አገኘው? ከተመታ በኋላ ምን ያህል ቆየ? አጠገቡ ማን ነበር? ደሙን ያሰረለት ሰው ነበር ወይ? ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጠየቁ ራሱ ነውር ይመስላል፤ ጀግንነቱን የሚያሳንስ፣ የእናቱን ሐዘን የሚቀሰቅስ ተደርጎ ይቆጠራል።

ከዚህ ዝምታ ሥር አንድ እምነት አለ። በጥይት የተመታ ሰው ወይ እዚያው ይሞታል፣ ወይ ሆስፒታል ደርሶ ይድናል፤ እዚያው መሞቱ የዕጣ ፈንታ ነው፣ መዳኑ የሐኪም ነው የሚል እምነት። ጄኔራሉም፣ ጋዜጠኛውም፣ ለቅሶ ደራሹም፣ ራሱ ተዋጊውም ያምኑበታል። የኛ ብቻ አይደለም፤ ዓለምም ለረጅም ዘመን የጦር ሜዳ ሕክምናን ሲያስብ ዓይኑ የሚያርፈው ነጭ ጋወን፣ ቀይ መስቀል ያለበት ድንኳንና ሄሊኮፕተር ላይ ነው። ስለ ጦርነትና ሕክምና የተሠራ ፊልም ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዋናው ሰው ሁልጊዜ ቀዶ ሐኪሙ ነው።

እምነቱ ስህተት ነው እላለሁ፤ ጉዳቱ የሐሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ለክርክር ባልተነሳሁ። የቁስለኛውን ሕይወት በአብዛኛው የሚወስነው ሐኪሙ ሳይሆን አጠገቡ የተኛው ጓዱ ነው። ጓዱ ምን እንደሚያውቅና ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ የሚወስነው ደግሞ አዛዡ ነው። ስለዚህ ቁስለኛን ከሞት ማዳን የጤና ክፍሉ ሥራ ከመሆኑ በፊት የአዛዡ ሥራ ነው። ይህን ከጤና መምሪያው ጠረጴዛ አንስተን አዛዡ ጠረጴዛ ላይ እስካላኖርነው ድረስ የምንሠራው ሆስፒታል ሁሉ በሕይወት ለደረሰለት ብቻ ነው።

ቁጥር ልጥራ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2011 በአፍጋኒስታንና በኢራቅ የሞቱባቸውን 4,596 ወታደሮች የአስከሬን ምርመራ ውጤት አንድ በአንድ መርምረዋል። ከእነዚህ ውስጥ 87 ከመቶ የሚሆኑት የሞቱት የትኛውም የሕክምና ተቋም ሳይደርሱ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ የዓለም ሀብታሙ ጦር ነው፤ ሄሊኮፕተሩም፣ ቀዶ ሐኪሙም፣ የደም ባንኩም የነበረው ጦር። ሆስፒታል ሳይደርሱ ከሞቱት ውስጥ ደግሞ ከአራቱ አንዱ ያህል፣ 976 ሰው፣ በቁስሉ ዓይነት ብቻ ቢታይ ሊተርፍ የሚችል ነበር። ከሞቱ በኋላ ጠረጴዛ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ እዚያ ሰዓት የሚዘንበውን ጥይት አይቆጥርም፤ ይህን አልደብቅም። ቢሆንም ከእነዚህ 976 ሰዎች መካከል ከመቶው 91 ያህሉን የገደላቸው አንድ ነገር ነው፤ ደማቸው ፈሶ አለቀ።

ወደ ኋላ ብንሄድም ሥዕሉ አይለወጥም። ኮሎኔል ሮናልድ ቤላሚ የተባሉ አሜሪካዊ የጦር ቀዶ ሐኪም በ1980ዎቹ የቆዩ የጦርነት መዝገቦችን አገላብጠው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስከ ቬትናም ሆስፒታሉ እጅግ ተለውጧል፤ ፔኒሲሊን መጣ፣ ደም መስጠት ተስፋፋ፣ የደም ቧንቧ መስፋት ተቻለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሐኪም እጅ ከገባ በኋላ የሚሞተው ቁስለኛ ከመቶ 4.5 ያህል ነበር፤ ኮሪያ ላይ ወደ 2.5 ወረደ። ከሆስፒታል በፊት፣ እዚያው መሬት ላይ የሚሞተው ግን ከተመቱት ከአምስቱ አንዱ ገደማ ሆኖ ቀረ። ሊቃውንቱ ሲራቀቁ የከረሙት በበሩ ውስጥ ነው፤ ሞቱ ያለው ከበሩ ውጭ ነበር። በቬትናም ብቻ ከእጅና ከእግር ቁስል በፈሰሰ ደም የሞቱት ከ2,500 በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። ከእጅና ከእግር! ቀዶ ሐኪም የማይፈልግ፣ ጨርቅና እንጨት የሚያቆመው ደም!

ታዲያ ለምን አልታሰረም? ምክንያቱም ዓለም በሙሉ ስለ ደም ማሰሪያ፣ ስለ ቱርኒኬት፣ የተሳሳተ ነገር ሲያስተምር ኖሯል። የመጀመሪያ ዕርዳታን ድሮ የተማረ ሰው ጠይቁ፤ «የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ መጀመሪያ ጫን ጫን አድርግ፣ እግሩን ከፍ አድርግ፣ እምቢ ሲል ብቻ እሰር፤ ካሰርክ እግሩን ያጣል» ይላችኋል። እጅግ የተከበረ፣ በመማሪያ መጽሐፍ የታተመ ትምህርት ነበር። መሣሪያው አዲስ አይደለም፤ ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ዣን ሉዊ ፔቲ በብሎን የሚጠብቀውን ማሰሪያ የሠራው በ1718 ነው። ሦስት መቶ ዓመት ያህል የቆየ ዕቃ እያለ ሰው የደማው «እግሩን እንዳያጣ» ተብሎ ነው። እግሩ ተርፎለት ተቀበረ።

ይህን ፍርሃት ያፈረሰው በ2006 ባግዳድ ውስጥ በአንድ የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል የተካሄደ ጥናት ነው። ቱርኒኬት የታሰረላቸው 232 ቁስለኞች ተመዘገቡ፤ የታሰረው እጅና እግር 309 ነበር። በማሰሪያው ብቻ ምክንያት የተቆረጠ አንድም አልተገኘም። ከዚያ የሚበልጠው ግኝት ግን ሰዓቱ ነው። ሰውየው ገና ሳይደክም፣ ደሙ ተሟጦ ሰውነቱ ሳይዝል የታሰረላቸው ከመቶ 90ው ተርፈዋል፤ ከዛሉ በኋላ የታሰረላቸው ከመቶ 10ሩ ብቻ። ያው ቁስል፣ ያው ማሰሪያ፣ ያው ሆስፒታል። «የመጨረሻው አማራጭ» የሚለው ትምህርት ሰውን ከዘጠናው መዝገብ አውጥቶ ወደ አሥሩ መዝገብ ሲያዛውር ኖሯል ማለት ነው።

ደም ማሰር ሲባል ቀላል ስለሚመስል ቀረብ ብለን እንየው። ጭኑ ላይ የተመታ ሰው፣ ትልቁ ደም ወሳጅ ከተበጠሰ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። አጠገቡ ያለው ሰው ሱሪ ቀድዶ ቁስል የሚፈልግበት ጊዜ የለውም። ማሰሪያውን ከልብሱ በላይ፣ እጭኑ ራስ ላይ፣ ብሽሽቱ ሥር ያስገባል። መጀመሪያ ቀበቶውን ትንፋሽ እስኪያጥር ይስባል፤ እዚህ ላይ የላላ ከሆነ በኋላ ማሰሪያው ላይ ያለውን ማጥበቂያ ዱላ ቢያሽከረክርም አይጠቅምም። ከዚያ ዱላውን ያዞራል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ደሙ እስኪቆምና ቁርጭምጭሚቱ ላይ የልብ ትርታው እስኪጠፋ። ቁስለኛው ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ «ፍታልኝ» ብሎ ይለምናል፤ ሕመሙ ከጥይቱ ይብሳልና። ያልሠለጠነ ሰው እዚህ ላይ ያዝንለትና ያላላለታል። በሐዘኑ ይገድለዋል፤ ምክንያቱም ግማሽ የጠበቀ ማሰሪያ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ዘግቶ ከልብ የሚመጣውን ስለማይዘጋ ደሙ እንዲያውም ይብሳል። ከታሰረ በኋላ ሰዓቱ ማሰሪያው ላይ፣ ካልሆነም ግንባሩ ላይ ይጻፋል። ይህ ሁሉ ሥራ ለለመደ እጅ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። ላልለመደ እጅ ግን በጨለማ፣ በደም በተንሸራተተ ጣት፣ ተኩስ እየዘነበ፣ አይቻልም። ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ልምምድ የምለው ለዚህ ነው፤ ሐኪም ስላልሆነ የሚያዳግተው ነገር ግን የለውም።

በ1996 ፍራንክ በትለር የተባሉ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን የሚመለከት ጽሑፍ አወጡ። ሰውየው ልዩ ኃይል ውስጥ ተዋጊ የነበሩ ናቸው፤ በኋላ የተማሩት ግን የዓይን ሕክምና ነው። (ትልቁን የጦር ሜዳ ሕክምና ለውጥ ያመጣው የዓይን ሐኪም መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል፤ ከሙያው ግቢ ውጭ የቆመ ሰው አጥሩን ቀድሞ ያያል።) በትለር ያሉት ባጭሩ የከተማ አምቡላንስ ሕግ ለጦር ሜዳ አይሠራም ነው። ተኩስ ውስጥ የመጀመሪያው ሕክምና ተኩሱን ዝም ማሰኘት ነው፤ ቁስለኛው ከቻለ ራሱ ይሰር፤ ካልቻለ ጓዱ ይሰርለት፤ ሌላው ሁሉ ከለላ ከተያዘ በኋላ ይደረግ።

ብዙው ጦር ሰምቶ ዝም አለ። 75ኛው የሬንጀር ሬጅመንት ግን ሰማ። በዘጠናዎቹ መጨረሻ አዛዡ የነበሩት ኮሎኔል ስታንሊ ማክሪስታል፣ በኋላ በአፍጋኒስታን ጄኔራል ሆነው የምናውቃቸው፣ ወታደሩ ሊያተኩርባቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ አሉ፤ ዒላማ መምታት፣ የሰውነት ብቃት፣ የአነስተኛ ቡድን ውጊያና ሕክምና። ሕክምና ከተኩስ እኩል ቆጠሯት። ምግብ አብሳዩም፣ ሹፌሩም፣ ጸሐፊውም ደም ማሰር ተማረ፤ ማሰሪያውን ታጥቆ ወጣ። ውጤቱ በ2011 ታተመ። ከጥቅምት 2001 እስከ 2010 ድረስ 419 ሰዎቻቸው ተመትተው 32ቱ ሞተዋል። ከሞቱት ውስጥ ሜዳ ላይ ተጨማሪ ዕርዳታ ቢደረግለት ኖሮ ይተርፍ ነበር የተባለ አንድም የለም። ሊተርፍ ይችል ነበር የተባለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የሞተው ሆስፒታል ደርሶ ነው።

እነዚህን ሁለት መዝገቦች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ያው አገር፣ ያው ጦርነት፣ ያው ሄሊኮፕተር፣ ያው ሆስፒታል። አንዱ ጋ ሊተርፉ የሚችሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሜዳ ላይ አለቁ፤ ሌላው ጋ ዜሮ። ልዩነቱን ሐኪም አላመጣውም። ሕክምናን የራሱ ጉዳይ ያደረገ አዛዥ ነው ያመጣው።

«ይህ የፈረንጅ ጦር ወሬ ነው፤ እኛ ጋ ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። እንዲያውም የኛው ታሪክ ከማንም በላይ ይመሰክርልኛል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ጦርነቱ በአንድ ቀን አለቀ፤ ቁስለኛው ግን በሺዎች ነበር። በጄኔራል ሽቬዶቭ የተመራው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ የደረሰው ከወራት በኋላ ነው። ሐኪሞቹ ብዙ ሰው ረድተዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል፤ የዘመናዊ ሆስፒታላችን ታሪክ ሲነሳም ስማቸው አብሮ ይነሳል። ግን ያከሙት ማንን ነው? ወራት መቆየት የቻለውን። ጭኑ ላይ የተመታው እዚያው ኮረብታ ሥር ቀርቷል። ለእሱ የደረሰለት ሰው ቢኖር፣ እቴጌ ጣይቱ ካሰለፏቸው ውሃ ተሸካሚ ሴቶች አንዷ ናት። በእሳቱ መካከል እንስራ ተሸክመው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ሲያዳርሱ የዋሉት ሐኪም አልነበሩም። ውሃ ደም አያቆምም፤ ቢሆንም ሰው ሊሞት ያለበት ቦታ ድረስ ሄደዋል፤ ከዚያ ወዲህ የሠራናቸው ተቋማት አብዛኞቹ ያልሄዱበት ቦታ።

ከአርባ ዓመት በኋላ ደግሞ ተቃራኒውን አየን። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ ሊጀምር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ጦራችን የረባ የራሱ የሕክምና ክፍል ስላልነበረው ተስፋው ሁሉ ከውጭ በመጡት ሐኪሞችና በድንኳኖቻቸው ላይ ተጣለ፤ ስዊድኖች፣ ኖርዌጆች፣ እንግሊዞች፣ ሆላንዶች፣ ግብፆች። ኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴ ላይ የነበረው የአሜሪካኖች ሆስፒታል በቦምብ ተመታ። ታኅሣሥ ላይ መልካ ዲዳ የሰፈረው የስዊድን አምቡላንስ ተደበደበ፤ መሪው ዶክተር ሂላንደር ቆሰሉ፣ ድንኳኑ ውስጥ የተኙ ቁስለኞች አለቁ። የካቲት መጨረሻ ላይ ቆረም አጠገብ ተራው የዶክተር ጆን ሜሊ የእንግሊዝ አምቡላንስ ሆነ። ድንኳኖቹ ላይ የተዘረጋው ቀይ መስቀል ከሰማይ በግልጽ ይታይ ነበር። ወንጀል ነው፤ ወንጀልነቱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን የሕክምና ተስፋን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ የሰበሰበ ጦር፣ ያ ቦታ በተመታ ቀን ምንም አይቀረውም። ለመቶ ሺህ ተዋጊ አንድ ማሰሪያና የሁለት ቀን ልምምድ በነፍስ ወከፍ ቢዳረስ ኖሮ የሙሶሊኒ አውሮፕላን የትኛውን ኪስ ፈልጎ ይመታው ነበር?

ዘመኑም አልተሻለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 ባወጡት ሪፖርት በትግራይ ካዩአቸው 106 ተቋማት በአግባቡ ይሠሩ የነበሩት 13 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጦርነት ውስጥ «ሆስፒታል እስኪደርስ» ብሎ ማሰብ ከየት የመጣ ተስፋ ነው?

የኮሪያ ዘማቾችን ጉዳይ የሚያነሳብኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። የቃኘው ሻለቃ ከ120 በላይ ሰው ሞቶበት፣ ከ500 በላይ ቆስሎበት፣ አንድም ምርኮኛ ሳይሰጥ ተመለሰ፤ ቁስለኛውንም አስከሬኑንም ጥሎ አልመጣም። ከኋላው የአሜሪካ ተንቀሳቃሽ ሆስፒታልና ሄሊኮፕተር ነበረው። ያኔ ግን ቁስለኛው ቃሬዛው ጋ እንዲደርስ ያደረገው ምንድን ነው? ጓድን ጥሎ አለመሄድ የክብር ጉዳይ ስለነበር ነው። ቃኘው ያንን ደንብ አድርጎት ነበር። እኔ የምለው ያ ደንብ ላይ አንድ መሣሪያና አንድ ክህሎት ይጨመርበት ነው፤ ተሸክሞ ለመውጣት ብቻ ሳይሆን የሚሸከመው ሰው በሕይወት እንዲኖር።

ወደ ጠንካራው ተቃውሞ ልምጣ። የመጓጓዣ ፍጥነት ሕይወት ያድናል የሚሉት ሰዎች አልተሳሳቱም። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ጌትስ አፍጋኒስታን ውስጥ ማንኛውም ከባድ ቁስለኛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል እንዲደርስ አዘዙ፤ የጉዞው ጊዜ ከ90 ደቂቃ ገደማ ወደ 43 ወረደ፣ ከቁስለኞቹ የሚሞተውም ድርሻ ቀነሰ። ይህን የሚክድ ሰው ከእውነት ጋር ተጣልቷል። ነገር ግን የጌትስ ትእዛዝ የሚሠራው ሰማዩ የራስህ ሲሆን ነው። ታሊባን አውሮፕላን አልነበረውም። ከ2022 ወዲህ ዩክሬን ውስጥ ሰማዩ የማንም አይደለም፤ ድሮን የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ያድናል፣ አምቡላንስንም ጨምሮ። ቁስለኛ ምሽግ ውስጥ ጨለማ እስኪሆን፣ ከዚያም አልፎ ቀናት ይጠብቃል። አንድ ሰዓት የሚለው ቃል እዚያ ቀልድ ነው። የኛስ ተራራ? ከብዙው ግንባራችን እስከ ቀዶ ሕክምና ያለው መንገድ በቃሬዛና በበቅሎ ቢለካ ስንት ሰዓት ነው? ሄሊኮፕተር ላለው ሄሊኮፕተሩ ይጨመርለት፤ የሌለው ግን የሌለውን እየጠበቀ አይደማ።

እዚያው ዩክሬን ግን በኔም ላይ የሚመሰክር ነገር አለ፤ እኔው ላውጣው። ማሰሪያ ለብዙ ሰዓት ሳይፈታ በመቆየቱ እጅና እግር ያጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም መካከል ማሰሪያው ፈጽሞ የማያስፈልጋቸው ነበሩ። የድሮው ትምህርት ደጋፊዎች «አላልናችሁም?» ብለዋል። አላላችሁም! የባግዳዱ ውጤት የመጣው ቁስለኛው ቶሎ ሆስፒታል ስለሚደርስ ነው፤ መንገዱ ሲረዝም ሥራው ይጨምራል። ከለላ ሲገኝ ማሰሪያው መታየት አለበት፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያስፈልጋል ወይ ብሎ መመርመር፣ ካላስፈለገ ቁስሉን በጎዝ ሞልቶና ጠቅጥቆ አስሮ ቀስ ብሎ ማላላት፤ ስድስት ሰዓት ካለፈው ደግሞ ሐኪም እስኪያየው አለመንካት። ይህ ማሰሪያውን መጣል አይደለም፤ ተዋጊውን የበለጠ ማስተማር ነው። ግማሽ ትምህርት አደጋ አለው ከተባለ መልሱ ሙሉ ትምህርት ነው እንጂ ድንቁርና አይደለም።

ማሰሪያ የማይደርስበት ቁስል መኖሩንም አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1993 ሞቃዲሾ ውስጥ አንድ ወጣት ሬንጀር ከጭኑ በላይ፣ ብሽሽቱ አካባቢ ተመትቶ ደም ወሳጁ ወደ ዳሌው ውስጥ ሸሸ። የሕክምና ባልደረባው በአንድ ቤት ወለል ላይ ጣቱን ቁስሉ ውስጥ ከትቶ ደም ቧንቧውን ሲፈልግ አመሸ። መኪኖቹ በጊዜ መድረስ አልቻሉም፤ ልጁ ሞተ። ቅድም ከጠቀስኳቸው ሊተርፉ ይችሉ ከነበሩት ሰዎች መካከል ደማቸው ከደረትና ከሆድ የፈሰሰው ከመቶ 67 ያህል ናቸው፤ ከብሽሽት፣ ከብብትና ከአንገት 19፤ ከእጅና ከእግር 13 ተኩል። ስለዚህ ማሰሪያ ብቻውን ሁሉን አያድንም። ለብሽሽቱ ጎዝ ጠቅጥቆ በጉልበት መጫን ይጠይቃል፤ ለሆዱ የሚሰጠውን ደም ራሱን ወደ ግንባር ማምጣት ይጠይቃል። ግን አስተውሉ፤ ይህም ቢሆን ሕክምናውን ከሆስፒታሉ አውጥቶ ወደ ምሽጉ መውሰድ ነው። በየትኛውም በኩል ብትመጡ ሥራው ያለው ፊት ለፊት ነው።

ስለ ወጪው ብዙ አልናገርም። ጥሩ ቱርኒኬት አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ቢገዛም በዶላር በአሥሮች እንጂ በመቶዎች አይቆጠርም። ለአንድ ታንክ ሰንሰለት የሚከፍል ጦር ይህን አልችልም ካለ ገንዘብ አጥቶ አይደለም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላ ነው፤ ገበያው ላይ አስመስለው የተሠሩ ርካሽ ቅጂዎች ሞልተዋል፤ ዱላቸው ሲዞር ይሰበራል። ግዢ ክፍሉ በጥቂት ብር ቅናሽ ብሎ እነዚያን ቢያመጣ የተቆጠበው ብር በሰው ነፍስ ይከፈላል።

«ተዋጊ ስለ ሞት ሲማር ይፈራል» የሚለውም አያሳምነኝም። ሰው ጥይት ሰውን እንደሚመታ ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልገውም። የሚፈራው ሲመታ ብቻውን እንደሚቀር ሲያውቅ ነው። ግራና ቀኙ ያሉት ሰዎች በጨለማ ውስጥ ጭኑን አስረው ሊያወጡት እንደሚችሉ የሚያውቅ ወታደርና ይህን የማያውቅ ወታደር አንድ ኮረብታ ላይ እኩል አይወጡም።

ወደ መርዶው ልመለስ፤ ምክንያቱም ለውጡ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሬንጀሮቹ ወደ ዜሮ የደረሱት ስለሠለጠኑ ብቻ አይደለም፤ የእያንዳንዱን ቁስለኛ ነገር ስለመዘገቡ፣ ከእያንዳንዱ ውጊያ በኋላ «ማን አሰረ? መቼ? ምን ጎደለ?» ብለው ስለጠየቁ፣ የተገኘውን ጉድለትም በሚቀጥለው ሥልጠና ላይ ስለጨመሩ ነው። እኛ ጋ ይህ ጥያቄ የሟቹን ክብር የሚነካ ይመስላል። ሰማዕትነት ከጠላት ጋር ሲዋጉ መሞት ነው፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያስርለት ሰው አጥቶ ደሙ ያለቀበት ልጅ ግን የሞተው በጠላት ብቻ አይደለም፤ በኛም ጭምር ነው። ያንን ድርሻ «በጀግንነት ተሰዋ» በሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር መሸፈን ሟቹን አያከብርም፤ አዛዡን ያድነዋል እንጂ።

ስለዚህ ጥያቄው ለአዛዡ ይቅረብ። አንድ ሻምበል ወይም ሻለቃ ሲገመገም ስንት ምሽግ ያዘ ተብሎ ብቻ አይጠየቅ። ከሰዎችህ ውስጥ ስንቱ ማሰሪያ ታጥቋል? ስንቱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአንድ እጁ፣ የራሱን ጭን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማሰር ይችላል? ባለፈው ውጊያ ከሞቱብህ ውስጥ ሆስፒታል ሳይደርሱ የሞቱት ስንት ናቸው፣ በምን ሞቱ? ለእያንዳንዱ የተጻፈው ወረቀት የታለ? ይህን መመለስ ያልቻለ አዛዥ፣ የያዘው ኮረብታ ምንም ያህል ቢሆን፣ የሚቀጥለው ማዕረግ ይዘግይበት።